ጤፍና ሽሮ፦ የአባቶች ገበታ ለጤና ያለው ጥቅም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠዳና በአካባቢዋ ከጤፍ እንጀራ ጋር የሽምብራ፣ የአተር ወይም የባቄላ ሽሮ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። የእህል ዘሮች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ግን በዚሁ የበለጸገ በመሆኑ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ይሟላሉ። ሕንዳውያን ሩዝን ከምስር ወጥ ጋር መመገባቸውም ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ደግሞ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ፣ ሰውነት እነዚህን ማዕድናት በተሻለ ሁኔታ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ጥራጥሬ ሁሉ አንድ አይደለም። ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ ለወራት ዋነኛ ምግብ ከሆነ እግርን የሚያሽመደምድ፣ ፈውስ የሌለው ሕመም ያስከትላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ በርካታ ሰዎች በዚህ ሕመም ተጎድተዋል። በሕንድም ጓያ ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል።

ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀርም። በተለይ በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ አዘውትሮ መመገብ አደገኛ ነው። ስለዚህ አርሶ አደሩ ለቤት ፍጆታ ሽምብራን፣ ምስርንና ባቄላን ቢያስቀድም፣ ሸማቹም የሽሮውን እህል ለይቶ ቢገዛ ይመረጣል።