ለራቤሏ እናት ያልተጠየቀው ጥያቄ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ይጭናል። ውድ አንባብያን፣ የጡት ካንሰርን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ታማሚዋ ገልጣ ካሳየች በኋላም ዕጢው ራሱ የሚደብቀው ነገር እንዳለ እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ1896 ቢትሰን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በሽታው የጸናባቸውን ሴቶች እንቁልጢ ሲያወጣ የጡታቸው ዕጢ እንደሚሟሽሽ ጻፈ። ሌሎች ሐኪሞች ሲደግሙት የተጠቀሙት ግን ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለምን?

መልሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት መጣ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤልውድ ጄንሰን ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን እንዳለ አሳየ። ፕሮቲኑ እንደ ጓጉንቸር፣ ሆርሞኑ እንደ ቁልፍ ነው። ጓጉንቸሩ ያለው ዕጢ በሆርሞኑ ይፋፋል፤ የሌለው ግን ሆርሞኑ ቢቀርበትም ግድ አይሰጠው። በ1962 ለእርግዝና መከላከያነት ተሠርቶ ያልተሳካው ታሞክሲፊን ያንን ቀዳዳ የሚደፍን ሆኖ ተገኘ። ተቀባዩ ፕሮቲን ያላት ሴት በየቀኑ ለ5 ዓመት ብትውጠው በበሽታው የመሞት ዕድሏ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ፕሮቲኑ ለሌላት ግን አይረዳትም።

ወደ አገራችን እንምጣ። የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው ይህ ፕሮቲን የለውም የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ነበር። ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ከ350 በላይ ሴቶች ዕጢ ሲመረመር ግን ከመቶ 65 ያህሉ ፕሮቲኑ ተገኘባቸው። ጥናቱ የታተመው በ2014 ነው። እንግዲህ ርካሹ ክኒን ለብዙዎቹ እህቶቻችን የሚሆን ነበር ማለት ነው!

ችግሩ ምርመራው ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እንደልብ አለመገኘቱ ነው። ከራቤል የተነሳች እናት የጊሼን ዳገትና ቁልቁለት አልፋ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት አለባት? ከዕጢዋ የተቆረጠው ናሙና እኮ በፎርማሊን ተነክሮ ያለ እሷ መጓዝ ይችላል። ስለዚህ ዕጢ በወጣ ቁጥር «ተቀባዩ አለው ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ እንላለን። እሷ በሽታዋን አልደበቀችም፤ ያልጠየቅናት እኛ ነን።