የሞዴል ጀልባ የቤንዚን ከረጢት፦ አዘገጃጀቱና አያያዙ

በሪሞት የሚመራ፣ በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ለልጆቻቸው የገዙ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ክፍል የነዳጅ ከረጢቱን ነው። መመሪያውን በዕብራይስጥ የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ልጁ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን የወላጅ ነው። ስለዚህ በፔታህ ቲክቫም ሆነ በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዋና ዋናውን ነገር በአማርኛ እናቀርባለን።

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ

በአገር ቤት "ጋዝ" ስንል የኩራዝና የፋኖስ ላምባ ማለታችን ነበር። እዚህ እስራኤል "ጋዝ" የሚባለው የማብሰያው ባሎን ነው። የዚህ ጀልባ ነዳጅ ግን ሁለቱም አይደለም፤ የመኪና ቤንዚን ነው። ሞተሩ እንደ ሣር ማጨጃ ሞተር ባለ ሁለት ምት ሲሆን ለብቻው የዘይት ቋት የለውም። ስለዚህ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። የተለመደው መጠን 25 ለ 1፣ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። የሞተሩ መመሪያ ሌላ መጠን ካዘዘ መመሪያውን እንከተላለን።

ከረጢት ለምን አስፈለገ?

በተራ ታንክ ውስጥ ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር ይገባል። ጀልባው በፍጥነት ሲታጠፍ ቤንዚኑ ወደ ጎን ይሸሽና ቱቦው አየር ይስባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ዘይትም ያጣል፤ ይግላል፣ ሲብስም ፒስቶኑ ይነክሳል። ከረጢቱ ግን አየር ማስገቢያ የለውም። ካርቡራተሩ ነዳጁን በሳበ ቁጥር ከረጢቱ እየተጨማደደ ይሄዳል።

አዘገጃጀቱ

1ኛ. ለቤንዚን ተብሎ የተሠራ ከረጢት ብቻ እንጠቀም። ሌላው ፕላስቲክ ቤንዚን ሲነካው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቱቦውም ቤንዚን የሚችል ይሁን፤ የሲሊኮን ቱቦ በቤንዚን ያብጣል።

2ኛ. ነዳጅ ሳይነካው በፊት በእጅ ፓምፕ ጥቂት አየር ሞልተን ውኃ ውስጥ እንንከረው። አረፋ ከወጣ ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያም ውስጡ ፈጽሞ እስኪደርቅ እንጠብቅ።

3ኛ. በጀልባው ውስጥ ከማርሚታው ሙቀት፣ ከስለታም ብሎንና ከሚንቀሳቀስ ሽቦ አርቀን በስፖንጅ ላይ እናስቀምጠው። ሲሞላ የሚነፋበት ቦታ ይኑረው።

4ኛ. የምንሞላው ከቤት ውጪ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከሲጋራና ከማንጋል ርቀን ነው። መጀመሪያ በውስጡ ያለውን አየር በፓምፑ እንሳብ፤ ከዚያ እስኪወጠር ሳይሆን ትንሽ እስኪጎድል ድረስ እንሙላ። አፉን ወደ ላይ አድርገን ስንይዘው የቀረው አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱንም ስበን እናውጣ። በአፍ መሳብም ሆነ መንፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

5ኛ. የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት ክዳኑን ከፍተን እናናፍሰው።

ከጨዋታው በኋላ

ነዳጅ በከረጢቱ ውስጥ አይደር። ትርፉን በፓምፕ ወደ ጀሪካኑ መልሰን፣ ባዶውን ከረጢት ከፀሐይ በራቀ ቦታ እናኑር። በበጋ ሙቀት በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ከረጢት በትነት ይነፋል፣ ስፌቱም ሊለቅ ይችላል። ከረጢቱ ከደረቀ፣ ከተጣበቀ ወይም ስፌቱ ከላላ በማጣበቂያ አይጠገንም፤ ይለወጣል። ቱቦውንም እንዲሁ። ጀሪካኑ በማማድ፣ በወጥ ቤት ወይም በደረጃ ሥር አይቀመጥ። ያረጀ ቤንዚንም ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ቧንቧ አይደፋ።

ትልቁ አደጋ

ልጆቻችን ጥጉን ነክሰው የሚጠጡትን ሾኮ በሳኪት ሁላችንም እናውቀዋለን። የቤንዚን ከረጢትም ለትንሽ ልጅ ዓይን ከዚያ ብዙም አይለይም። ስለዚህ "ቤንዚን፣ አይጠጣም" ብለን በአማርኛም በዕብራይስጥም እንጻፍበት፤ ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ እናስቀምጠው። ቤንዚን በኮካ ወይም በውኃ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። በዕቃው ላይ "ዳሊክ" የሚል ቃል ካለ ተቀጣጣይ፣ "ራዒል" ካለ ደግሞ መርዛማ ማለት ነው።

ልጅ ቤንዚን ከዋጠ እንዲያስመልስ አናድርገው፤ ሲያስመልስ ቤንዚኑ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተትም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት ሳንሰጥ ወዲያው ወደ 101 እንደውል። በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመመረዝ መረጃ ማዕከልም በ04-7771900 ምክር ይሰጣል። ቤንዚን የነካው ልብስ ይውለቅ፣ ገላው በሳሙና ይታጠብ። እሳት ከተነሣ ውኃ አንደፋበትም፤ ርቀን ወደ 102 እንደውላለን።

የት ይነዳ?

ከፔታህ ቲክቫ አጠገብ የያርኮን ምንጮች የሚገኙበት ስፍራ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የራሱ ደንብ አለው። በማንኛውም ውኃ ላይ ጀልባ ከመልቀቃችን በፊት የቦታውን አስተዳደር እንጠይቅ። ሞተሩ መሐል ላይ ቢጠፋ ደግሞ ልጅ ዋኝቶ እንዲያመጣው አይላክ። ጀልባ በሌላ ይተካል፤ ልጅ ግን አይተካም።