ጣራ የሌለው ሙዚየምና የእኛ የድንጋይ ቤቶች



ሙዚየም ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ ዘውድ፣ የብራና መጽሐፍ ወይም ጦርና ጋሻ ነው። የገበሬ ጎጆ ለሙዚየም ይበቃል ቢባል አያቶቻችን ይስቁ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ራሱ ከነምድጃው፣ ከነወፍጮውና ከነመደቡ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጎበኝበት ሙዚየም በዓለም ላይ አለ። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ዓይነት ሙዚየም ታሪክ ባጭሩ ካወሳን በኋላ፣ እኛ ሰቆጣዎች ከዚህ ምን እንማራለን የሚለውን እንመለከታለን።

ከእነዚህ ሙዚየሞች ስመ ጥር የሆነው ስካንሰን ነው። አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ስዊድናዊ በ1884 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1891) በስቶክሆልም ከተማ ከፈተው። በዚያን ጊዜ በስዊድን የባቡር ሐዲድና ፋብሪካ ይስፋፋ ነበር፤ የገጠሩም ሰው ወደ ከተማና ወደ አሜሪካ ይጎርፍ ነበር። ሃዜሊዩስ አስቀድሞ የገበሬ ልብስና የቤት ዕቃ ይሰበስብ ነበር። ኋላ ግን ቤቶቹንም ከየአውራጃው እያስነቀለ አምጥቶ እንደገና አቆማቸው። በየቤቱም ያገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ በየግቢውም ከብቶች እንዲታዩ አደረገ። ዛሬ እዚያ 150 ያህል ቤቶች ይገኛሉ። ከዝናው የተነሣ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች እንዲህ ያለው ሙዚየም ሁሉ በደፈናው «ስካንሰን» ይባላል።

ዘመኑን ልብ እንበል። ስካንሰን ሲከፈት በአገራችን ገና ክፉ ቀን አልወጣም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ማሳው ጦም አድሮ፣ ሕዝቡ በረሃብ አልቋል። እነሱ የቆየ ቤት ሲሰበስቡ፣ እኛ ዘንድ ሰው ቤቱን ጥሎ ይሰደድ ነበር። ስለዚህ «አባቶቻችን ለምን ቅርሱን አላቆዩልንም?» ብሎ መውቀስ አይገባም። ቤት ለማቆየት አስቀድሞ በቤት ውስጥ መኖር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ የሀብታም አገር ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ታንዛኒያ በዳሬሰላም የየብሔረሰቡን ቤት በአንድ ግቢ አቁማ ታሳያለች። ኬንያም በ1971 (በፈረንጆች) በናይሮቢ «ቦማስ ኦፍ ኬንያ» የሚባለውን አቋቁማለች። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ይህ ሙዚየም ቤቶችን ባያቆምም፣ አደራረጉ ለዕድርተኛ ትርጉም አለው። ባህሉን በየብሔረሰቡ ከመደርደር ይልቅ በሰው ልጅ ዕድሜ ነው የከፋፈለው። ከልጅነት ይጀምራል፤ ወደ ጉልምስና ያልፋል፤ በመጨረሻም ሞትና የቀብር ሥርዓት ይታያል። ቀብርም የሕዝብ ታሪክ ክፍል ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንቅረብ። ጎረቤታችን ላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሌላ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ የላስታ ቤቶች አሏት። ባለ ሁለት ደርብ ናቸው፤ ክዳናቸው ሣር ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ ጥበቃው እየጠበቀ ሄደ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላም በቅርሱ ዙሪያ ይኖሩ ከነበሩት ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ከቤቶቹ ጥቂቶቹ ለቅርስነት ቀሩ። ጎብኚ ዛሬ በመካከላቸው ሲያልፍ እንደ ስካንሰን ያለ ነገር ያያል፤ ልዩነቱ እነዚህኞቹ ከተተከሉበት አልተነቀሉም።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። ቤቱ ከዳነ ሰው ባይኖርበትስ ምን አለበት? መልሱን ከሣር ክዳን ሥራ እናገኘዋለን። የሣር ክዳንን ዕድሜ የሚያረዝመው ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ነው። ጢሱ ወጋግራውንና ማገሩን ያጠቁረዋል፤ ምስጥና ነቀዝን ያርቃል፤ እርጥበቱንም ያደርቃል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ ይበሰብሳል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳም በየጊዜው ካልተለሰነ ክረምቱ ያጥበዋል። እንግዲህ የእኛን አገር ቤት የሚያቆመው ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚኖረው ሰው፣ ክዳኑን ለማደስ በደቦ የሚወጣው ጎረቤትም ጭምር ነው።

የእኛም የዋግ አገር የግንብና የድንጋይ ሥራ አገር ነው። ከከተማችን አጠገብ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። በላስታ ዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራው በአክሱም ዘመን ስልት ነው። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫና፣ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ገበያ ነበረች። ከዚሁ ከዋግ ሹሞች ወገን ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ተሠውተዋል። የሹማምንቱን ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም። የጨው ነጋዴውን፣ የአናጢውንና የሸክላ ሠሪዋን ቤት ግን ማን ይጽፈዋል?

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ብሎኬትና ቆርቆሮ ድንጋዩንና ሣሩን እየተካ ነው። በዚህ ማንንም አንወቅስም። ሣሩ ጠፍቷል፤ ለወጋግራ የሚሆን እንጨት ውድ ነው፤ ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፤ በየዓመቱም አድሱኝ አይልም። እንዲያውም «በሣር ቤት ኑርና ቅርስ ሁንልን» ብሎ ጎረቤትን ማስገደድ ነውር ነው። በዚህም ላይ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዶ ነበር። ሰው ሲሰደድ የቤቱ ታሪክም አብሮ ይበተናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሰቆጣ ላይ ስካንሰን እንሥራ አንልም፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ በዕድር ሣጥን አይገኝም። ነገር ግን ዕድራችን ማንም የሌለው አንድ ነገር አለው፤ እሱም የአባላት መዝገብ ነው። መዝገባችን የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀንና ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብ ይይዛል። ሰውየው ድንጋይ ጠራቢ እንደነበረ፣ ወይም ሴትዮዋ ጎታ በመሥራት የታወቁ እንደነበሩ ግን አይናገርም። የሙያውን ሰው በክብር እንቀብራለን፤ ሙያውን ግን ሳናውቀው አብረን እንቀብረዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመዝገባችን ላይ የእያንዳንዱን አባል ሙያ የሚይዝ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ይህም በሕይወት እያሉ ይሞላ። ሁለተኛ፣ ምሰሶ፣ ወጋግራ፣ ማገር፣ መቃን፣ ጉበን፣ ቆጥ፣ ጋጥ የምንላቸውን የቤት ክፍሎች ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን በአማርኛም በኽምጣኛም ይንገሩን፤ ልጆቻችንም ይጻፉ። ሦስተኛ፣ በየሰፈሩ ከቀሩት የቆዩ ቤቶች ቢያንስ አንዱ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ቁመቱና ወርዱ ተለክቶ ፎቶግራፍ ይነሣ። ለዚህ አንድ ሜትርና የልጆቻችን ስልክ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ቆርቆሮውን ቢመታ ምርቃታችን አይለየው!

ቀብር ስንወጣ አንዳችን ድንኳን፣ አንዳችን ቃሬዛ፣ አንዳችን አግዳሚ ወንበር እንይዛለን እንጂ ሁሉን የሚሸከም አንድ ሰው የለም። የቤቶቻችንን ታሪክም እንዲሁ ተከፋፍለን ብንይዘው አይከብደንም። የሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ሲወጣ ከእነዚያ ስሞች ጥቂቶቹን በዚሁ ገጽ ለማተም ያብቃን።

ቸር ያሰማን።