የነርስ ትምህርት ቤት በምን ይመዘናል?



ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ታናሽ እህቴ ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነርሲንግ ልትመዘገብ ነው። ቤተሰብ ግን ‹ዲፕሎማ ምን ያደርግላታል? ዲግሪ የሚሰጥ ቦታ ብትገባ ይሻላል› እያለ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

በሁለት መስመር ልመልስላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ነገሩ ወደ ኋላ መሄድ ይፈልጋል።

አካባቢውን የምታውቁት ታስታውሳላችሁ፤ ከጎንደር ወርዳችሁ አዘዞ ስትደርሱ ወደ ደምቢያ የሚገነጠል መንገድ አለ። ቆላድባን አልፎ ጎርጎራ ጣና ዳር ያደርሳል። ዋናውን የባሕር ዳር መንገድ ከያዛችሁ ደግሞ ቀጥላችሁ የምታገኙት ጠዳን ነው። የጎንደር የጤና ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚያ ከደምቢያው ሜዳ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ያኔ አገሪቱ አንድም የሕክምና ዶክተር የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት አልነበራትም። ዶክተር እስኪደርስ ይጠበቅ ቢባል ሕዝቡ ያልቃል።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ያቋቋመው ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካው ፖይንት ፎር የእርዳታ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ቡድን እናሠልጥን የሚል። ጤና መኮንን፣ ኮሙኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ተምረው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ በቀይ መስቀልና በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈቱ የነርስ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እነሱ በዋናነት የሚያዘጋጁት ለሆስፒታል አልጋ ነው። የጎንደሯ ኮሙኒቲ ነርስ ግን የምትታሰበው ለመንደር ነበር። ነፍሰ ጡር ማየት፣ ማዋለድ፣ ሕፃን መመዘን፣ መከተብ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ማስተማር ነበር ሥራዋ። ቆላድባን የመሰሉ ጤና ጣቢያዎች የመማሪያ ክፍሎቿ ነበሩ።

በወረቀት ከመዘናችኋት ዝቅ ያለች ናት። ጤና መኮንኑ ባለ ዲግሪ ሲሆን እሷ ዲግሪ አልነበራትም። በሥራ ከመዘናችኋት ግን የቤቱን ደጃፍ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ትምህርት ቤት ብቻውን ተአምር ይሠራል እያልኩ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ወባ አገር ሲያዳርስ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ኮሌጁ ገና 4 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ የወጡት ባለሙያዎች ጥቂት ነበሩ።

በደርግ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በ1970 ዓ.ም፣ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ እገዛ፣ የሐኪሞች ትምህርት ጎንደር ላይ ተጀመረ። የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ፤ የተመለሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የነርሲንግ ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ አልፎ ማስተርስ ይሰጣል። ጠዳ ደግሞ እንደ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደሴና ደብረ ብርሃን ኮሌጆች በክልሉ ሥር ሆኖ መካከለኛ ባለሙያ ያወጣል። ከ1947ቱ ሐሳብ የተረፈው ትልቁ ቅርስ፣ በእኔ ዕይታ፣ የልዩ ልዩ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ የሚልከው የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም ነው።

እና ዛሬ በምን እንመዝናለን? ለዲፕሎማው ሲኦሲ አለ። ለዲግሪው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናም አለ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ወረቀት ላይ በምርጫ ጥያቄ የሚፈተን እጅ የለም።

ይህን የምለው ከራሴ ነው። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት አንድ ተቋም (ስሙ ይቅር) አንዲት ምጥ የያዛት እናት ዙሪያ አሥር ተማሪ ይቆም ነበር። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል፣ ከኋላ ያለው ማየትም አይችልም። የተግባር መዝገባቸው ላይ ግን «አዋልዷል» ተብሎ ቁጥሩ መሙላት አለበት። ሞላ። እኔም ሳላይ ፈረምኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ከተማሪዎቹ አንዷ ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድባ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ለብቻዋ አዋለደች። እጇ ሕፃን ሲቀበል የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። እናትም ልጅም ተረፉ። «እግዜር ነው ያወጣኝ» አለችኝ በኋላ። መዝገቧ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው። ዛሬ ስለ እህቷ የጠየቀችኝ ይህችው ልጅ ናት፤ ታሪኩን እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ጠዳም ሂዱ፣ ዩኒቨርሲቲም ሂዱ፣ እዚያ የሚማሩትን ሦስት ነገር ጠይቁ።

1. ለአንድ ታካሚ ስንት ተማሪ ይቆማል?
2. መምህሩ ከተማሪው ጋር ዋርድ ይገባል ወይስ ቢሮ ሆኖ ይፈርማል?
3. ገጠር ጤና ጣቢያ ወርደው ስንት ሳምንት ይሠራሉ?

ዲግሪ ዋጋ የለውም አልልም፤ ደመወዝም ዕድገትም አለበት። ግን ዲፕሎማ የያዘች ልጅ እየሠራች ተምራ ዲግሪዋን ልትይዝ ትችላለች። በጊዜው ያልተማረ እጅ ግን ዕዳው የሚከፈለው በታካሚ ነው። የሦስቱ ጥያቄ መልስ ጠዳ ላይ የተሻለ ከሆነ፣ እህትሽን ጠዳ አስመዝግቢያት።

ጠዳ የተማራችሁ፣ ጎንደር የተማራችሁ፣ የሦስቱን ጥያቄ መልስ እንደየዘመናችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉላት። እውነቱን ብቻ፤ ልጅቱ ታነበዋለች።

ሰላም ዋሉ።