ስድስት ሺህ ዓመት የሚነግሥ ፊት

ጨዋታው የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት ነው። ጥቂት ሰፋሪዎች ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ከተማ ይቆረቁራሉ፤ ዘመናት ያልፋሉ፤ ቀስት በመድፍ፣ ፈረስ በታንክ ይተካል። የማይለወጠው መሪው ብቻ ነው። አያረጅም፣ አይሞትም፣ አልጋ ወራሽም አያስፈልገው። አብርሃም ሊንከን ገና ጽሕፈት ሳይፈጠር ከሐሙራቢ ጋር ድንበር ይደራደራል።

ሲድ ሜየርና ብሩስ ሼሊ «ሲቪላይዜሽን» የተባለውን ይህን ጌም በ1991 ሲያወጡ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 14 ሕዝቦችን ከነመሪዎቻቸው አሰለፉ። ከአፍሪካ ራምሴስና ሻካ ገቡ። ስታሊንና ማኦ ሲካተቱ ጀርመን ለሂትለር ሳይሆን ለፍሬድሪክ ተሰጠች። ህንድን እንዲመራ የተመረጠው ማኅተመ ጋንዲ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ መንግሥት አልመራም። መመዘኛው ሥልጣን ሳይሆን ዝና ነበር ማለት ነው።

ከ14ቱ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የእንግሊዟ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ። በ1996 የወጣው ሁለተኛው ጌም ለእያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መደበ። ለሩሲያ ካትሪን፣ ለህንድ ኢንድራ ጋንዲ በቀላሉ ተገኙ። ለግሪክ ግን የአፈ ታሪኳ ሂፖሊታ፣ ለጃፓን ደግሞ የፀሐይ አምላኳ አማተራሱ ተጠሩ።

ምርጫው እንደ ክብር ያልታያቸውም ነበሩ። ለአምስተኛው ጌም አዘጋጆቹ በ1680 በስፔን ላይ ያመፀውን የአሜሪካ ነባር የፑዌብሎ ሕዝብ መሪ ፖፔን ሊያስገቡ አስበው ነበር። የፑዌብሎ አለቆች ምክር ቤት መሪያቸው በጌም ውስጥ እንዲቀርብ ስላልፈቀደ ሐሳቡ ቀረ፤ ቦታውን ሌሎቹ የአሜሪካ ነባሮች ሾሾኖች ወሰዱ። በ2018 ደግሞ የካናዳው የክሪ ሕዝብ መሪ ፓውንድሜከር ወደ ስድስተኛው ጌም ሲገባ ከክሪ አለቆች አንዱ፣ መሬት መያዝና ሌላውን ማስገበር የእኛ ባህል አይደለም ሲሉ ተቃወሙ።

የኢትዮጵያ ተራ የደረሰው በ2007 ነው፤ የአራተኛው ጌም ማስፋፊያ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብን አነገሠ። በ2012 በአምስተኛው ጌም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2020 በስድስተኛው ዳግማዊ ምኒልክ ተከተሉ። ሁለቱም ከማያ ገጹ ላይ ሆነው የሚናገሩት በአማርኛ ነው።

ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ነገሩ ያስገርማል። ለኃይለ ሥላሴ የተሰጠው ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል፤ ሠራዊታቸው በከተማ ብዛት ከሚበልጠው ባላጋራ ጋር ሲገጥም ይበረታል። ዓድዋ ላይ ጦርነቱ ሲካሄድ ተፈሪ መኰንን አራት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን ነበር። የዓድዋው ንጉሥ ምኒልክ በተራቸው ሲመጡ ደግሞ የችሎታቸው ስም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሆነ። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማቸው ከእምነት ዕውቀትና ባህል ያተርፋል፤ ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ከዳገቱ አይወርድም። የታሪኩ ምኒልክ ግን ከእንጦጦ ወርደዋል፤ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ያወረዷቸው፣ አዲስ አበባንም የሰየሟት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በሦስቱም ምርጫዎች ጣይቱ የሉም።

በዚያው በስድስተኛው ጌም የኢትዮጵያ ልዩ ጦር የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው፤ ዳገት አይበግረውም። ይህ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ በእርግጥ ተዋግቷል። በምን መንገድ፣ በስንት ደም ከምኒልክ ሥር እንደገባ ግን ጌሙ አይጠይቅም። አገር ቤት ምኒልክ ለአንዱ የነፃነት አባት፣ ለሌላው የወረራ ምልክት ናቸው፤ እዚያ ግን ፈረሰኛውና ንጉሡ ያለ ታሪክ አብረው ተፈጥረዋል።

በዚህ ጌሙን ብቻ መውቀስ አይቻልም። የእኛም ዜና መዋዕል ዘመንን የሚቆጥረው በንጉሥ ስም ነው፤ ገበሬው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ የሚታዩት ንጉሡ ባለፈበት መንገድ ዳር ቆመው ነው። አንድን አገር በአንድ ፊት ማሳየት ያልተላከውን ሁሉ ትቶ አንድ እንደራሴ መላክ ነው።

በ2025 የወጣው ሰባተኛው ጌም መሪውን ከሕዝቡ ነጠለው። ዙፋን ላይ ተቀምጠው የማያውቁት ሃሪየት ተብማን፣ ማኪያቬሊና ኢብን ባቱታ ከመሪዎቹ ተርታ ገቡ፤ ማንም የፈለገውን ሕዝብ ይመራል። ከጥንቶቹ መንግሥታት አንዷ አክሱም ናት፤ ጌሙ ሲወጣ ግን ከመሪዎቹ መካከል አክሱማዊ አልነበረም። ከእንዱቢስ ጀምሮ ነገሥታቷ መልካቸውን በወርቅ ሳንቲም ላይ ያስቀረጹት ያቺ አገር አሁን በኮንፊሽየስ ወይም በቤንጃሚን ፍራንክሊን እጅ ሐውልቷን ታቆማለች። አንድ ፊት ለአገር አይበቃም ስንል፣ የራሷ አንድ ፊት እንኳ ሳይኖራት ቀረ።