የመቃብሩ ጌታና የመቃብሩ ቆፋሪ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ዘውድና ጦር ነው። የሰሜን ተራሮች አገር ሲነሣም ያው ነው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤን ድል ያደረጉት ካሣ በ1855 ቴዎድሮስ ተብለው መንገሣቸውን እየደጋገምን እንናገራለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መናገራችን ደግ ነው። ነገር ግን የዚያን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ማን ፈለጠው? ነጋዴው ከሊማሊሞ ሥር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ በዳባት አድርጎ ወደ ጎንደር ሲመላለስ ማን ጫነለት፣ ማንስ አራገፈለት? ይህን ስንጠይቅ መልሱ ዝምታ ይሆናል። ዝምታው የእኛ ብቻ አይደለም። በመቃብር ሀብቷ የታወቀችው ግብፅም ብዙ ዘመን እንዲሁ ነበረች። ሁለቱን አገሮች በእግሩ ያገናኘ አንድ መንገደኛ አለና ከእሱ እንነሣ።

መንገደኛው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። በ1769 በላይኛው ግብፅ፣ በነገሥታት ሸለቆ፣ ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ አንድ መቃብር ውስጥ ገባ። ግድግዳው ላይ በገና የሚደረድሩ ሰዎች ተሥለው ቢያገኝ መገልበጥ ጀመረ። ሥራው ሳያልቅ መንገድ መሪዎቹ ሽፍታ ፈርተው ችቧቸውን በትልቁ በገና ሥዕል ላይ አጋጭተው፣ እሱን በጨለማ ትተውት እንደወጡ ጽፏል። የመሪዎቹን ቃል ግን የጻፈልን የለም። ብሩስ የመቃብሩን ጌታ ስም እንኳ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ የግብፅን የሥዕል ፊደል ሻምፖሊዮን የፈታው በ1822 ነውና። ዛሬ መቃብሩ የሣልሳዊ ራምሴስ መሆኑ ታውቋል።

ከዚያ ብሩስ በቀይ ባሕር አድርጎ ምጽዋ ገባ። የከዋክብት መለኪያ መሣሪያው ታራንታ ተራራን የወጣው በሰው ትከሻ መሆኑን ራሱ ይናገራል። በአክሱም አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ የወገራን ደጋ አቋርጦ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ከአክሱም የተገኘ ነው ያለውን፣ የግብፆች አምላክ ሆረስ የተቀረጸበትን አንድ ትንሽ የድንጋይ ጽላት ሥሎ አወጣ። እንግዲህ የዛሬው የደባርቅ መንገድ ከፈርዖኖች አገር ያን ያህል የራቀ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቆፋሪዎቹ እንምጣ። በዚያው በሣልሳዊ ራምሴስ 29ኛ የንግሥ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት ሠራተኞች ቀለባቸው ዘገየባቸው። ሥራቸውን ጥለው ወጡና ከቤተ መቅደሶቹ ጀርባ ቁጭ አሉ። ረሀብና ጥም እንዳመጣቸው፣ ልብስም ቅባትም ዓሣም እንዳጡ ተናግረው ጉዳዩ ለፈርዖን እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። በጽሑፍ ሰፍሮ ከተገኘው የሥራ ማቆም አድማ ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። አመንናኽት የሚባለው ጸሐፊያቸው ነገሩን በፓፒረስ ባያሰፍረው ኖሮ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ተቀብሮ በቀረ ነበር። ፓፒረሱ ዛሬ በቱሪን ሙዚየም ይገኛል።

በ1922 ሃዋርድ ካርተር የቱታንካሙንን መቃብር ሲያገኝ የዓለም ዓይን ሁሉ ወደ ወርቁ ዞረ። በዚያው ዓመት በርናር ብሩየር የሚባል ፈረንሳዊ ዴር ኤል መዲና ላይ፣ ማለትም በእነዚሁ መቃብር ሠሪዎች መንደር፣ ቁፋሮ ጀመረና እስከ 1951 ቆየ። እዚያ የተገኘው ወደ 70 የሚጠጉ ትንንሽ ቤቶችና ስፍር ቁጥር የሌለው የተጻፈበት የድንጋይና የገል ስባሪ ነው። ከዚያው መንደር ወጥቶ ለንደን የሚገኝ አንድ ድንጋይ የቀሪ ሠራተኞች መዝገብ ነው፤ አንዱ ጊንጥ ነድፎት ቀረ፣ አንዱ ዓይኑን ታመመ፣ ሌላው ጠላ ሲጠምቅ ዋለ ይላል። ታዲያ ከወርቁ ጭምብልና ከዚህ ድንጋይ ስለ ሰው ኑሮ አብልጦ የሚነግረን የትኛው ነው?

በአገራችንም መንገዱ ይኸው ነው። በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን የአክሱምን ሐውልቶችና ጽሑፎች መዘገበ። ኔቪል ቺቲክ ከ1972 ጀምሮ መቃብሮቹን ቢቆፍርም በ1974 በአብዮቱ ምክንያት ሥራው ተቋረጠ። ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1993 ሲቀጥለው ግን ከመቃብር አልፎ መኖሪያ ቤቶችን ቆፈረ፤ የእህል ፍሬም ለቅሞ አስመረመረ። መቃብሩ ንጉሡን ሲነግረን ቤቱ ገበሬውን ነገረን።

ከዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ቁፋሮ ማለት ጉድጓድ ማውጣት አለመሆኑን ነው። የመሬት ንብርብር እንደ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ከላይ ያለው የቅርብ፣ ከታች ያለው የሩቅ ዘመን ነው። አንድ ገል ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ሳይመዘገብ ከተነሣ አፉ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ማረሻ ያወጣውን ገል ያየ ሰው ቦታውን ምልክት አድርጎ ለባህል ጽሕፈት ቤት ይንገር እንጂ በዶማ አይከተለው።

እኛ ግን ዶማም ሆነ የውጭ ቡድን ሳንጠብቅ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ ደጃችን ላይ አለ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ቀዬውን ለቅቆ ወደ ደባርቅ ወርዷል። ለፓርኩ ሲባል ነው የወረደው፤ ፓርኩም በ2017 አደጋ ከተደቀነባቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። ይህ ተጽፏል። በዚያ ብርድ ገብስ እንዴት እንደተዘራ፣ ቤቱ በምን ልክ እንደተሠራ፣ የትኛው መቃብር የማን እንደሆነ ግን የሚያውቁት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ዴር ኤል መዲናን ለማናገር 30 ዓመት ቁፋሮ ፈጅቷል፤ የግጭ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን በሕይወት አሉ፣ ደባርቅ ገበያ ላይ እናገኛቸዋለን፣ ቋንቋቸውም ቋንቋችን ነው። በየዓመቱ ቁጥራቸው መቀነሱ አይቀርም። እያንዳንዳችን ለእረፍት ወደ አገራችን ስንገባ አንድ ደብተርና እርሳስ ይዘን አንድ ሰው እንጠይቅ፤ የነገረንን ከነስሙ፣ ፈቃዱን ተቀብለን፣ እንጻፍለት። አመንናኽትም ያደረገው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።