የገበሬው ማኅበር የገበሬው የሚሆነው መቼ ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው። ግን ድሩ ያበረው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ? የአገራችን የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፣ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከ1971 ወዲህ ደግሞ ደርግ ገበሬውን ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማስገባት ያዘ። መልባና ወልባ የሚባሉትን ደረጃዎች አባቶቻችሁን ጠይቋቸው። በመልባ መሬቱ ይዋሃዳል፤ በወልባ በሬውና ሞፈሩም ይጨመራል። በወረቀት ላይ ባለቤቱ ገበሬው ነው። ለመንግሥት የሚገባው የእህል ኮታና ዋጋው ግን ከላይ ተቆርጦ ይመጣ ነበር፤ ያውም ከገበያው ዋጋ በታች።

የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት ቻለ። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ፣ መሬቱም በሬውም ተከፋፈለ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የብዙ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ።

ይህን አይቶ «የኛ ገበሬ በጋራ መሥራት አይወድም» የሚል ሰው አለ። እኔ አልስማማም። ደቦና ወንፈል፣ ዕቁብና ዕድር ያለው ሕዝብ እኮ ነው! ገበሬው የጠላው የማያዝበትን ነገር «የራስህ ነው» መባሉን ነው።

በ1991 አዋጅ ቁጥር 147 ሲወጣ ነገሩ ተቀየረ። አባልነት በፈቃድ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ከአክሲዮኑ ከ10 በመቶ በላይ ማንም እንዳይይዝ ተባለ። በዚያው ዓመት 34 ማኅበራት ተሰባስበው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንን መሠረቱ፤ የሲዳማና የይርጋጨፌ ተከተሉ። ጊዜው የዓለም የቡና ዋጋ የወደቀበት ነበር። ዩኒየኖቹ ግን ጨረታ ሳይገቡ ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። ትርፍ ሲገኝ ገበሬው ባስረከበው ቡና ልክ ድርሻው ይደርሰዋል። «የራስህ ነው» የሚለው ቃል በእጅ የሚቆጠር ብር የሆነው ያኔ ነው።

ታዲያ ችግሩ አለቀ ወይ? የለም። እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት ገበሬው የልጅ ደብተርም፣ ዕዳም አለበት። ማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ነጋዴው ብር ይዞ ደጁ ይቆማል፤ ቡናውም ወደዚያው ይሄዳል። አዋጁ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ ማለቱ ለዚህ ጭምር ነው። ዘንድሮ ያገኘውን ሁሉ ተከፋፍሎ የበላ ማኅበር ለከርሞ መግዣ አይኖረውም። ግን ገበሬውን «30ው ይቀመጥ» ብሎ ለማሳመን መጀመሪያ 100ውን ማሳየት ያስፈልጋል። ሒሳቡ በኦዲተር ሳይታይ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ፣ የሚቀመጠው ብር ሁሉ ሌብነት ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ የመልባን ዘመን አይቷል።

ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ በየዩኒየኑ በሒሳብና በሥራ አስኪያጅነት የምትሠሩ አላችሁ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሒሳቡን በየዓመቱ አስመርምሩ፤ ውጤቱንም በጠቅላላ ጉባኤ፣ ገበሬው በሚገባው ቋንቋ፣ ብር በብር አንብቡለት። ሲጠይቃችሁ አትቆጡ፤ የሚጠይቀው የገዛ ንብረቱን ነው።